ስድስት ካሬ ሜትር፦ ያረጀ የጓሮ ማሕሳን እንዴት ይተካል?

ዓርብ ጠዋት ነው፤ ሰንበት ሳይገባ ማለቅ ያለበት ሥራ ሁሉ የሚጣደፍበት ሰዓት። በእስራኤሏ ኪርያት ማላኺ፣ በአንድ አሮጌ ሕንፃ ምድር ቤት ጓሮ፣ አባትና ልጅ የቆርቆሮ ማሕሳን (የዕቃ ማስቀመጫ ቤት) ያፈርሳሉ። ቆርቆሮው ከላይ ሲያዩት ገና ብዙ ዓመት የሚያገለግል ይመስላል። መሬት የነካው ጠርዙ ግን በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። የወለሉ ጣውላ እርጥበት ጠጥቶ አብጧል፤ አንዱን ገልበጥ ሲያደርጉት ከሥሩ ምስጥ በልቶታል።

አዲሱ ማሕሳን በካርቶን እንደታሸገ አጥሩ ሥር ተቀምጧል። ልጁ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ዕብራይስጥ እያነበበ ለአባቱ ይነግራል።

«አባ፣ የአሥር ዓመት ዋስትና አለው። አይዝግም፣ ምስጥም አይበላውም ይላል።»

አባት ካርቶኑን ዞር ብለውም አላዩት። አሮጌው ማሕሳን የቆመበትን ቦታ በአካፋ ጫፍ ወጋ ወጋ አደረጉት። አፈሩ እርጥብ ነው።

«ዋስትናው የግድግዳው ነው፣ ልጄ። ለመሬቱስ ማን ዋስ ሆነልን?»

እንዲህ ያለ ወግ ከኢትዮጵያ የመጡ ቤተሰቦች በሚኖሩባቸው በኪርያት ማላኺ፣ በገዴራና በያቭኔ ጓሮዎች እንግዳ አይደለም። አባት በጎንደር ገጠር ጎጆ ያቆሙ፣ ጎተራ የሠሩ ሰው ናቸው፤ መሬት ያውቃሉ። ልጅ ዕብራይስጡን፣ ደንቡንና ገበያውን ያውቃል። አዲስ ማሕሳን ዕድሜው የሚረዝመው ሁለቱ እውቀቶች ሲገናኙ ነው። በተለያዩባቸው ጓሮዎች ወይ ማሕሳኑ በጥቂት ክረምት ይዘምማል፣ ወይ ከአካባቢው የፕላን ኮሚቴ የተላከ ደብዳቤ በር ላይ ይለጠፋል።

በማሕሳኑ ውስጥ ያለው

አሮጌ ማሕሳን ሲራገፍ የቤቱ ታሪክ አብሮ ይወጣል። የሱካው (የዳስ በዓሉ) እንጨትና ሸራ አለ፤ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚነካው የፋሲካ ዕቃ አለ፤ ለሠርግና ለተዝካር የሚወጣው ትልቁ ድስት፣ የልጅ ልጆች ብስክሌት፣ የማይሠራ ማራገቢያ፣ ዶማና አካፋ አለ። ዶማው ለጌጥ የተቀመጠ አይደለም። በገዴራ ሻፒራ ሰፈር ‹ሐቬሪም በቴቫ› የተባለው ማኅበር ከነዋሪዎች ጋር የማኅበረሰብ አትክልት ቦታ አልምቷል። ከገጠር የመጡ አዛውንቶች ትንሽ መሬት ካገኙ መቆፈራቸው አይቀርም። ጎመኑም፣ ቃሪያውም፣ ጤና አዳሙም መሣሪያ ይፈልጋል፤ መሣሪያውም ማስቀመጫ።

ከዕቃው መካከል ለየት ብሎ መታየት ያለበት ከሀገር ቤት የመጣው ነው። በሱዳን በኩል በእግር የወጡት ይዘው የመጡት ከለበሱት ብዙ አይበልጥም። እ.ኤ.አ. ሜይ 24 እና 25 ቀን 1991 በሰሎሞን ዘመቻ በአየር የመጡት ከ14,000 በላይ ሰዎችም ያለ ጓዝ ነው የተሳፈሩት። ስለዚህ በስንት መከራ ያለፈ ወይም ኋላ በዘመድ የተላከ መሶብ፣ ሰፌድ ወይም የሸክላ ዕቃ ሲገኝ ቦታው ቤት ውስጥ እንጂ ማሕሳን ውስጥ አይደለም። ስንደዶና አክርማ እርጥበት ሲያገኛቸው ይሻግታሉ፤ የሻገተ ስፌት ደግሞ ተመልሶ አይጸዳም።

የማይፈለገውን መጣልም ሥርዓት አለው። ከተሞቹ የአሮጌ ዕቃና የተቆረጠ ቅርንጫፍ ማንሻ ቀን አላቸው፤ ከዚያ ቀን ውጪ መንገድ ዳር የተከመረ ቁሻሻ ቅጣት ያመጣል። ቀኑን ከኢሪያ (ከከተማው ማዘጋጃ ቤት) ጠይቆ የማፍረሻውን ሰዓት በዚያው ልክ መወሰን ይሻላል።

ጓሮው እስኪገኝ

በእነዚህ ሦስት ከተሞች የጊዜያዊ መጠለያና የመጋዘን ታሪክ ረጅም ነው። ገዴራን እ.ኤ.አ. በ1884 የመሠረቷት የቢሉ ማኅበር ወጣቶች መጀመሪያ የኖሩት በእንጨት ዳስ ነው። የኦቶማን መንግሥት የግንባታ ፈቃድ ስለከለከላቸው ለከብቶቻቸው ጉድጓድ ቆፍረው፣ ከላዩ ጣራ ጥለው ጋጣ አደረጉት። የፈቃድ ጣጣ በገዴራ ጓሮ የትናንት ነገር አይደለም ማለት ነው። ኪርያት ማላኺ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መባቻ ቃስቲና ከሚባለው የስደተኞች ሰፈር ተነሥታ፣ በሎስ አንጀለስ አይሁዶች እርዳታ ከተማ ሆናለች። የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎቿ ከሰሜን አፍሪካና ከሌላም አገር መጥተው በድንኳንና በቆርቆሮ ቤት ከርመዋል። በያቭኔ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች 1,500 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የወይን ጠጅ ማምረቻ ይፋ አድርገዋል፤ አምስት መጭመቂያ፣ የሸክላ ማሠሮ መተኮሻ ምድጃዎችና አራት ትልልቅ መጋዘኖች አሉት።

ከኢትዮጵያ የመጡት ቤተሰቦችም የቆርቆሮ ግድግዳ ምን እንደሆነ ያውቁታል። ከሰሎሞን ዘመቻ በኋላ ብዙዎች ከሆቴልና ከመርከዝ ክሊታ (ከስደተኞች መቀበያ ማዕከል) ወጥተው የገቡት በካራቫን ሰፈሮች ነበር፤ በጋ የሚያቃጥል፣ ክረምት የሚያንዘፈዝፍ ቤት። እ.ኤ.አ. በ1993 ያኢር ጻባን የክሊታ ሚኒስትር በነበሩበት ዘመን መንግሥት ልዩ ምሽካንታ (የቤት መግዣ ብድር) ፈቀደ፤ አብዛኛው ገንዘብ እርዳታ ስለነበር ካራቫኑ ባዶ ሆነ፣ ቤተሰቡም ቤት ገዛ። ገንዘቡ የደረሰው ግን ዋጋው ዝቅ ወዳለ ሰፈር ነበር፤ ሦስቱ ከተሞችም ብዙ ቤተሰብ ከተቀበሉት መካከል ናቸው።

ቤት መግዛትም ለሁሉም እኩል ክፍት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2012 በኪርያት ማላኺ የአንዳንድ ሕንፃ ባለቤቶች ለኢትዮጵያውያን ላለመሸጥና ላለማከራየት ተስማምተዋል የሚል ዘገባ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ሕዝቡ ተቃውሞውን በዚያችው ከተማ ጀምሮ ኢየሩሳሌም ድረስ አድርሶታል። በዚህ ሁሉ ታልፎ የተገኘን ጓሮ በግዴለሽነት መያዝ አይገባም።

ደንቡ ምን ይላል?

የእስራኤል የፕላንና የግንባታ ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። በ2014 ደግሞ ያለ ፈቃድ ሊሠሩ የሚችሉ ትንንሽ ሥራዎችን የሚዘረዝር ደንብ ወጣ። በዚህ ደንብ ስፋቱ ከ6 ካሬ ሜትር፣ ቁመቱ ደግሞ ከ2.05 ሜትር የማይበልጥ ማሕሳን ፈቃድ አያስፈልገውም። ስድስት ካሬ ሜትር ማለት 2 ሜትር በ3 ሜትር፣ ወይም 2.4 በ2.5 ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቁመቱ ላይ ነው። በሱቅ የሚሸጡ አንዳንድ ማሕሳኖች ስፋታቸው ከልኩ ውስጥ ሆኖ የጣራቸው ጫፍ ከ2.05 ሜትር ያልፋል። ካርቶኑ ላይ ያሉትን ሦስት ቁጥሮች፣ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት፣ ሳያነቡ ገንዘብ መክፈል አያዋጣም። ሻጩ «ሁሉም ሰው ይህን ነው የሚገዛው» ቢል ኮሚቴው ፊት የሚቆመው ገዢው ነው።

ከፈቃድ ነጻ መሆን ከሕግ ነጻ መሆን አይደለም። ማሕሳኑ በቦታው ላይ ከጸደቀው ፕላን ጋር መጣጣም አለበት፤ የሌላውንም ሰው መብት መንካት የለበትም። ከፈቃድ ነጻ ለሆኑ ለብዙ ዓይነት ሥራዎች ደግሞ ሥራው ካለቀ በኋላ በ45 ቀናት ውስጥ ለፕላን ኮሚቴው ማሳወቅ ግዴታ ነው። ኮሚቴው ቢሮ አስቀድሞ ሄዶ መጠየቅ ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው፤ የቆመን ማሕሳን አፍርሱ ሲባል ግን ወጪው ሁለት ጊዜ ነው።

በጋራ ሕንፃ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ጓሮው የማን ነው? ከምድር ቤቱ መስኮት ፊት ለፊት ስላለ ብቻ የዚያ ቤት አይሆንም። በታቡ (በመሬት መዝገቡ) ላይ ለቤቱ ካልተያያዘ የሁሉም ነዋሪ ነው፤ ስለዚህ የጎረቤት ስምምነት ያስፈልጋል። ስምምነቱም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን። በአሚዳር፣ ማለትም በመንግሥት ቤቶች ኩባንያ፣ ቤት የሚኖር ሰው ደግሞ ተከራይ ነውና አስቀድሞ አሚዳርን መጠየቅ አለበት።

ቦታው ሲመረጥ የማማዱ (በቤት ውስጥ ያለው የተጠናከረ ክፍል) መስኮት እንዳይዘጋ፣ ወደ ሚክላት (የጋራ መሸሸጊያ) የሚወስደውም መንገድ እንዳይጠብ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ኪርያት ማላኺ ይህን የምታውቀው በሐዘን ነው፤ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 15 ቀን 2012 የተተኮሰ ሮኬት አንድ መኖሪያ ሕንፃ መትቶ ሦስት ሰዎች ገድሏል። ማሕሳን መሸሸጊያ አይሆንም፤ የመሸሸጊያም እንቅፋት መሆን የለበትም። የጋዝ ሲሊንደርም ማሕሳን ውስጥ አይገባም፤ ጋዝ ቢያመልጥ የሚወጣበት ክፍት አየር ይፈልጋል።

ከማፍረስ በፊት ጣራውን እዩ

አሮጌው ማሕሳን ግራጫና ሞገድ ያለው ጣራ ካለው እጅ ከመዘርጋት በፊት ቆም ማለት ያስፈልጋል። ያ ጣራ ቆርቆሮ ሳይሆን የአስቤስቶስ ሲሚንቶ ሊሆን ይችላል። በእስራኤል ይህን ያመርት የነበረው በናሃሪያ የነበረው የኤይታኒት ፋብሪካ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1952 ሥራ ጀምሮ በ1997 ተዘግቷል። በእነዚያ ዓመታት የጋጣውም፣ የዶሮ ቤቱም፣ የማሕሳኑም ጣራ እሱ ነበር።

አስቤስቶስ ሳይነካ ተቀምጦ ሳለ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ሲሰበር፣ ሲበሳ፣ ሲጋዝ ወይም በኃይለኛ ውሃ ሲታጠብ ግን ዓይን የማያያቸው ቃጫዎች ይበተናሉ። ሳንባ ውስጥ የገባ ቃጫ አይወጣም፤ የሳንባ ሽፋን ካንሰር ሆኖ የሚገለጠውም ከብዙ አሥርተ ዓመታት በኋላ ነው። ለዚህ ሲባል እ.ኤ.አ. በ2011 ልዩ ሕግ ወጥቷል። የማንሣት ሥራው ሥልጠናና ፈቃድ ያለው ሰው የሚሠራው፣ ፍርስራሹም ተጠቅልሎ ወደተፈቀደለት ቦታ የሚሄድ ነው። በመዶሻ ሰብሮ ከመንገድ ዳር ቁሻሻ ጋር መጣል ወንጀልም ነው፣ በልጆች ጤና ላይ መፍረድም ነው።

መሬቱ

አሁን ወደ አባትዬው ጥያቄ እንምጣ። በያቭኔና በገዴራ አንዳንድ ሰፈሮች አፈሩ ቀይና አሸዋማ ነው፤ ውሃ ቶሎ ያሳልፋል። ወደ ኪርያት ማላኺ ሲወርዱ እየጠቆረና እየከበደ ይሄዳል። የጎንደር ሰው ይህን አፈር ዋልካ ብሎ ያውቀዋል፤ ክረምት ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በእንዲህ ያለ መሬት ላይ በቀጥታ የተቀመጠ ማሕሳን በየዓመቱ አንዱ ጥጉ ይነሣል፣ ሌላው ይሰምጣል። መጀመሪያ በሩ አልዘጋ ይላል፤ ቀጥሎ የግድግዳው መገጣጠሚያ ይከፈታል፤ በዚያ በኩል ዝናብ ይገባል። ባለቤቱ በሩን ይሞርዳል እንጂ መሬቱን አያስብም።

ሀገር ቤት ጎተራ ሲሠራ መሬት ላይ አይቀመጥም ነበር። ከሥሩ ድንጋይ ይደረደራል፤ በድንጋዩ ላይ እንጨት ይጋደማል፤ አየርም ከሥሩ ያልፋል። ምስጥ፣ አይጥና እርጥበት ሦስቱም የሚመጡት ከታች ነውና። የዛሬው ማሕሳን ከፕላስቲክ ቢሠራም ጠላቶቹ አልተለወጡም።

ለስድስት ካሬ ሜትር ማሕሳን ሁነኛው መሠረት አርማታ ነው። ለስላሳው የላይ አፈር ይነሣል፤ ጠጠር ተነጥፎ ይደቆሳል፤ በላዩ ላስቲክ፣ የብረት መረብ፣ ከዚያም 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ኮንክሪት ይፈስሳል። ሲሰላ 0.6 ሜትር ኩብ ነው፤ ክብደቱም ወደ አንድ ቶን ተኩል ይጠጋል። ስለዚህ ጓሮው ጠባብ ከሆነ ኮንክሪቱ በምን በኩል እንደሚገባ አስቀድሞ ይታሰብ። የወለሉ ፊት በውሃ ልክ ተለክቶ እኩል መሆን አለበት፤ ፋብሪካ የቆረጠው ግድግዳ የተጣመመ ወለል ላይ አይገጥምም። ኮንክሪት ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው በ28 ቀን ቢሆንም ሳምንት ያህል ውሃ እየጠጣ ከቆየ ማሕሳኑን መሸከም ይችላል።

ከአርማታ ሌላ በተደቆሰ ጠጠርና አሸዋ ላይ የተነጠፈ የኮንክሪት ንጣፍ ድንጋይም ይሆናል፤ በተለይ ውሃ በሚያሳልፈው ቀይ አፈር ላይ። በሁለቱም ዘዴ ሦስት ነገር ሊዘነጋ አይገባም። ወለሉ ከአካባቢው መሬት ጥቂት ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ከማሕሳኑ ግድግዳ ብዙ ወጣ አይበል፤ የተረፈው ጠርዝ የዝናብ ውሃ ሰብስቦ ወደ ውስጥ ይመልሳልና። በዙሪያው ያለው መሬት ደግሞ ወደ ውጭ ያዘቅዝቅ።

ግድግዳው፣ ጣራውና ነፋሱ

ገበያው አራት ዓይነት ያቀርባል። የመጀመሪያው ፕላስቲክ ነው። በዓለም ገበያ ስሙ የታወቀው ኬቴር እ.ኤ.አ. በ1948 በእስራኤል የተቋቋመ ድርጅት ነው። ፕላስቲክ አይዝግም፣ ምስጥ አይደፍረውም፣ ቀለም አይፈልግም። ድክመቱ ፀሐይና ነፋስ ነው። ርካሹ ፕላስቲክ በበጋ ፀሐይ ደርቆ ይሰባበራል፤ ስለዚህ የፀሐይ ጨረር መከላከያ ያለውና ጣራው በብረት የተደገፈ ይመረጥ። ቀላል በመሆኑም ወለሉ ላይ በብሎን ካልታሰረ የክረምት ማዕበል ያነሣዋል። ብዙ ገጣጣሚዎች ሰዓት ለመቆጠብ የሚዘሉትም ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ነው፤ ዋጋው ቀላል፣ ለሌባም አስቸጋሪ ነው። ያቭኔ ግን ለባሕር ቅርብ ናት፤ ጨዋማውና እርጥቡ አየር በተቆረጠው ጠርዝና በብሎኑ ቀዳዳ በኩል ዝገት ይጀምራል። ሦስተኛው እንጨት ነው። ያማረ ነው፤ የሚኖረው ግን በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ዘይት ለሚቀባው ሰው ነው። አራተኛው በሁለት ቆርቆሮ መካከል መሙያ ያለው ፓነል ነው። ሙቀትን ይከላከላል፤ ይሁን እንጂ መሙያው አረፋ ከሆነ እሳት ይወዳል፣ የድንጋይ ሱፍ ከሆነ ግን አይቀጣጠልም።

የትኛውም ቢመረጥ አየር ማስገቢያ ያስፈልገዋል፤ አንዱ ከታች፣ አንዱ ከላይ። በነሐሴ የተዘጋ ማሕሳን ውስጥ ቀለምና ቤንዚን ማስቀመጥ አደጋ ነው። እህልም ቦታው እዚያ አይደለም። የጤፍ ፍሬ ነቀዝ አይደፍረውም፤ ዱቄቱ ግን በሙቀት ይበላሻል፣ በርበሬውም በእርጥበት ይሻግታል።

የጣራው ውሃም ይታሰብበት። በዚህ አካባቢ በዓመት 500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል። ከስድስት ካሬ ሜትር ጣራ 3,000 ሊትር ውሃ ይወርዳል ማለት ነው። ወደ ጎረቤት አጥር ከፈሰሰ ጠብ ነው፤ በቦይ ወደ በርሜል ከገባ የጎመን ውሃ ነው።

ምጣዱን አታስገቡት

በብዙ ጓሮ ማሕሳኑ የእንጀራ መጋገሪያም ነው። የእርሾው ሽታ ለጎረቤት እንዳይከብድ፣ እንፋሎቱም ቤቱን እንዳያርስ እናቶች ምጣዱን ወደ ውጭ ያወጣሉ። ምክንያቱ ይገባል፤ አደጋው ግን ትልቅ ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። የቤት ሶኬት 16 አምፔር ነው፤ በ230 ቮልት ሲባዛ 3,680 ዋት ይሆናል። ምጣዱ ብቻውን የሶኬቱን አቅም ይጨርሰዋል። ከመስኮት በተዘረጋ ቀጭን ማራዘሚያ ሲሆን ገመዱ ይግላል፣ መሰኪያው ይቀልጣል። ዙሪያው ፕላስቲክ፣ አጠገቡ የሱካ ሸራ ካለ ቀሪውን ማንም ይገምተዋል።

መጋገሪያው ውጭ መሆኑ ግድ ከሆነ ከማሕሳኑ ተለይቶ፣ ጣራ ብቻ ያለው፣ ጎኑ ክፍት የሆነ፣ ወለሉ ንጣፍ ድንጋይ የሆነ ቦታ ይዘጋጅለት። ጣራውም ቢሆን ደንብ ስላለው ኮሚቴውን መጠየቅ ያስፈልጋል። መስመሩን ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ከሳጥኑ ለብቻው ያውጣው፤ ኤሌክትሪክ ሰውን እንዳይነዝር መስመሩን የሚቆርጠው ፓሓትም ይኑረው። የእስራኤል የኤሌክትሪክ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ ይህን ሥራ ለባለ ፈቃድ ብቻ ሰጥቶታል። «የአክስቴ ልጅ ያውቃል» የሚለው መልስ ከእሳት በኋላ ለኢንሹራንስ አይቀርብም።

ቅደም ተከተሉ

ሥራው ሁሉ በአጭሩ እንዲህ ይደረደራል። መጀመሪያ የጓሮውን ባለቤትነትና ደንቡን ማጣራት፤ ሁለተኛ የአሮጌውን ጣራ ምንነት ማወቅ፤ ሦስተኛ ዕቃውን አራግፎ ምን እንደሚቀር መወሰን፤ አራተኛ መሬቱን ማዘጋጀት፤ አምስተኛ ማሕሳኑን መግዛት። አብዛኞቻችን አምስተኛውን አንደኛ እናደርገዋለን፤ ቅናሽ ስላየን ገዝተን መሬቱን በኋላ እናስባለን። ገንዘቡ አንድ ከሆነ ርካሽ ማሕሳን በጥሩ መሠረት ላይ ከውድ ማሕሳን በጭቃ ላይ ይበልጣል።

ልጆች፣ ለወላጆቻችሁ ካርቶኑን ብቻ አታንብቡላቸው፤ የኮሚቴውን ደንብና ከኢሪያ የሚመጣውንም ደብዳቤ አንብቡላቸው። ዕብራይስጥ የማያነብ አዛውንት የማፍረሻ ትእዛዝን ከመብራት ሒሳብ አይለይም፤ ቀነ ገደቡ ያልፍበታል። ወላጆችም፣ ልጆች በስልክ ያዘዙትን ከመቀበላችሁ በፊት መሬቱን አሳዩአቸው፤ ውሃው ክረምት ከየት እንደሚመጣ፣ የት እንደሚተኛ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ይህን ለመነጋገር የተሻለው ወቅት በጋ ነው። ከሱካ በኋላ ዝናቡ ይገባል፤ በእርጥብ ዋልካ ላይ ደግሞ መሠረት አይጣልም።